ደረሰኙ የተቆረጠው መቼ ነው?

ከፋዩ ዕቃውን በማያይበት የአውስትራሊያ ገበያ የኮምፒዩተር መርማሪዎች ሥራ

ገበያ ስንል የምናውቀው ሁለት ሰው ነው፤ ሻጭና ገዢ፡፡ ገዢው ዕቃውን አገላብጦ ያያል፣ ይከራከራል፣ ከፍሎ ይሄዳል፡፡ መካከል ላይ ደላላ ቢገባ እንኳ ደላላው ሁለቱንም ያውቃቸዋል፡፡ በአውስትራሊያ ግን በዓመት ከ40 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ የሚንቀሳቀስበት፣ ሦስት ወገን ያለበት ገበያ አለ፡፡ አገልግሎቱን የሚቀበለው አካል ጉዳተኛው ነው፡፡ የሚሸጠው የግል ድርጅት ነው፡፡ ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ መንግሥት ነው፡፡ ከፋዩ ዕቃውን አያየውም፡፡ ዕቃውም በዓይን የሚታይ አይደለም፤ አብዛኛው ሰዓት ነው፡፡ አንድ ሰው ሌላውን ሰው ለማጠብ፣ ለማልበስ፣ ለማብላት፣ ሐኪም ቤት ለማድረስ ያዋለው ሰዓት፡፡

እንዲህ ያለ ሸቀጥ ከተሸጠ በኋላ ምንም አይተርፍም፡፡ ጤፍ ቢሆን ይመዘናል፣ ጣውላ ቢሆን ይቆጠራል፡፡ ትናንት ለሁለት ሰዓት የተሰጠ እንክብካቤ ግን ዛሬ የለም፡፡ የሚቀረው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱም በዚህ ዘመን ኮምፒዩተርና ስልክ ውስጥ ገብቷል፡፡ ስለዚህ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ከኦዲተርና ከሂሳብ ሹም ሌላ የዲጂታል ፎረንሲክ መርማሪ ያስፈልገዋል፡፡ ይህ ባለሙያ ከኮምፒዩተር፣ ከስልክና ከመረጃ ቋት ለፍርድ ቤት የሚበቃ ማስረጃ የሚያወጣ ነው፡፡ እንዲህ ያለውን ቡድን የሚመራ ሰው ምን ይሠራል? በነጋዴውስ ላይ ምን ያስከትላል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዶላሩም የአውስትራሊያ ዶላር ነው፡፡)

ገበያው እንዴት ተከፈተ

በ2011 የአውስትራሊያ የምርታማነት ኮሚሽን የሀገሪቱን የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ መርምሮ አሠራሩ የተበጣጠሰ፣ ገንዘብ ያነሰውና ፍትሕ የጎደለው ነው ሲል ደመደመ፡፡ በምትኩ ብሔራዊ መድን እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ፡፡ ሕጉ በ2013 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሙከራው ተጀምሮ በ2020 መላ ሀገሪቱን አዳረሰ፡፡ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የአካል ጉዳተኞች መድን ኤጀንሲ ይባላል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር በጂሎንግ ከተማ ነው፡፡ ተጠቃሚዎቹ ከ700 ሺህ በላይ ደርሰዋል፡፡

ለነጋዴ የሚጥመው የአሠራሩ ለውጥ ነው፡፡ ቀድሞ መንግሥት ከጥቂት ድርጅቶች ጋር ይዋዋልና አካል ጉዳተኛው የተሰጠውን ይቀበል ነበር፡፡ አሁን ገንዘቡ ሰውየውን ይከተላል፡፡ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ዕቅድና በጀት ይዘጋጅለታል፤ ከማን እንደሚገዛ የሚመርጠው እሱ ነው፡፡ ሂሳቡም በሦስት መንገድ ይወራረዳል፡፡ አንዱ ኤጀንሲው ራሱ በቀጥታ የሚከፍልበት ነው፤ በዚህ መንገድ መሸጥ የሚችለው የተመዘገበ ድርጅት ብቻ ነው፡፡ ሌላው ዕቅድ አስተዳዳሪ የሚባል የሂሳብ ድርጅት መካከል ገብቶ የሚከፍልበት ሲሆን ሦስተኛው ተጠቃሚው ራሱ የሚያስተዳድረው ነው፡፡ በኋለኞቹ ሁለቱ ያልተመዘገበም ሊሸጥ ይችላል፡፡ በ2023 የመንግሥት ግምገማ ሲወጣ የተመዘገቡት ሻጮች 16 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ያልተመዘገቡት ግን የዚህ ብዙ እጥፍ ነበሩ፡፡

ለመግባት ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፡፡ መኪና፣ ስልክ፣ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ የምስክር ወረቀትና ትጋት ያለው ሰው ሥራውን ይጀምራል፡፡ በሜልበርን ፉትስክሬይ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ ጨዋታ የሚያዳምጥ ሰው ስለዚህ ሥራ ሳይሰማ የሚወጣ አይመስለንም፡፡ ከወገኖቻችን መካከል በተንከባካቢነት የሚሠሩ አሉ፤ ተቀጥረው ከቆዩ በኋላ የራሳቸውን ድርጅት የከፈቱም አሉ፡፡ ነገሩ የሩቅ ወሬ የማይሆንብን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፡፡

ቅዳሜና እሑድ አንድ አይደሉም

ኤጀንሲው ለእያንዳንዱ አገልግሎት የዋጋ ጣሪያ ያወጣል፡፡ በ2024/25 የዋጋ ዝርዝር መሠረት ለመደበኛ የግል እንክብካቤ በሥራ ቀን በቀን ሰዓት የሚከፈለው ጣሪያ በሰዓት 67 ዶላር ከ56 ሳንቲም ነበር፡፡ ቅዳሜ ወደ 95 ዶላር ይወጣ ነበር፡፡ እሑድ ከ120 ዶላር ያልፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ 150 ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር፡፡ ልዩነቱ በምክንያት ነው፤ የሠራተኛ ሕጉ ለሰንበትና ለበዓል ከፍ ያለ ደመወዝ ስለሚያዝ ነው፡፡

ነገር ግን ዋጋው በሰዓቱ ላይ ሲንጠለጠል ማጭበርበሩም ሰዓቱ ላይ ይንጠለጠላል፡፡ አራት ሰዓት የቅዳሜ ሥራ የእሑድ ተብሎ ቢጻፍ በሰዓት 27 ዶላር ገደማ ይተርፋል፡፡ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአሥር ደንበኞች፣ ለዓመት ቢደረግ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ነው፡፡ ይህን የሚያደርግ ሰው የሌለ ደንበኛ አልፈጠረም፣ ያልተሰጠ አገልግሎትም አልሸጠም፡፡ ቀኗን ብቻ ነው የገፋት፡፡ ዓይን ያወጣው ሌባ ያልሠራበትን ሁሉ ይጽፋል፤ ደንበኛው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ከሀገር ወጥቶ ወይም ሞቶ ሳለ ሂሳብ ይጠይቃል፡፡ እንዲህ ያለውን ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ጋር በማመሳከር ማግኘት ይቻላል፡፡ አስቸጋሪው ቀን የሚገፋው ነው፡፡

ለብዙ ዓመታት አሠራሩ መጀመሪያ መክፈል፣ ኋላ መጠየቅ ነበር፡፡ ሻጩ በኢንተርኔት መግቢያው በኩል የደንበኛውን ቁጥር፣ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ቀኑንና መጠኑን ይሞላል፤ ገንዘቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባንክ ይገባል፡፡ ማስረጃውን የሚያስቀምጠው ሻጩ ራሱ ነው፡፡ ለትንሽ ነጋዴ ይህ ትልቅ በረከት ነበር፤ ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፍል ሰው ሦስት ወር ተቀምጦ ሂሳብ መጠበቅ አይችልምና፡፡ ለሌባም ያው በረከት ነበር፡፡

በኦገስት 2022 በወቅቱ የአውስትራሊያ የወንጀል መረጃ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ማይክል ፌላን ከገንዘቡ እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ያለ አግባብ እየወጣ ሊሆን ይችላል ብለው ለመገናኛ ብዙኃን ሲናገሩ ሀገሩ ተናወጠ፡፡ ግምቱ አከራካሪ ነበር፡፡ ሆኖም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኤጀንሲውና የማኅበራዊ ክፍያ መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስስ አውስትራሊያ በጋራ የሚመሩት የፀረ ማጭበርበር ግብረ ኃይል ተቋቋመ፡፡ ለአራት ዓመት 126.3 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት፡፡ የፌዴራል ፖሊስ፣ የታክስ ባለሥልጣን፣ የገንዘብ ዝውውር ተከታታዩ አውስትራክና ሌሎችም ገቡበት፡፡ ከዚያ በፊትም በ2018 የተቋቋመ ትንሽ ግብረ ኃይል ነበር፤ የኋለኛው ትልቁ ለውጥ ግን መሥሪያ ቤቶቹ መረጃ በአንድነት ማየት መቻላቸው ነው፡፡

ያልተነካ ቅጂ

መርማሪ ቡድኑ ሥራውን የሚጀምረው ከራሱ ቤት ነው፡፡ የክፍያ ጥያቄው በየትኛው የመግቢያ ስም፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደገባ የኤጀንሲው ኮምፒዩተር ይመዘግባል፡፡ ሦስት «የማይተዋወቁ» ድርጅቶች ከአንድ አድራሻ፣ በአንድ ሌሊት፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ሂሳብ ከጠየቁ ጥርጣሬ ይነሳል፡፡ አንዲት ሠራተኛ በአንድ ሰዓት በሁለት ሰፈር ከተገኘችም እንዲሁ፡፡ ይህ መዝገብ የኤጀንሲውን ሠራተኞችም አይምርም፤ የማን ፋይል ማን ከፍቶ እንዳየ ያውቃልና፣ ከውስጥ የደንበኛ ስም የሚሸጥ ቢኖር ፈለጉ እዚያው ነው፡፡

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም፡፡ ጉዳዩ ሲጠናከር የፍተሻ ትዕዛዝ ከፍርድ ቤት ይወጣል፤ ፖሊስ ቤቱንና ቢሮውን ይፈትሻል፡፡ በ1914ቱ የፌዴራል የወንጀል አዋጅ መሠረት የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው መሣሪያውን እንዲከፍት ዳኛ ሊያዝዘው ይችላል፤ እምቢ ማለት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፡፡ የፎረንሲክ ባለሙያው እዚህ ላይ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ምንም አለመንካት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ የተያዘውን ስልክ ከርቀት ትዕዛዝ ሰጥቶ ማጥፋት እንዳይቻል ሞገድ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ያስገቡታል፡፡ የኮምፒዩተሩን ዲስክ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳይጻፍበት በሚከለክል መሣሪያ አገናኝተው ሙሉ ቅጂ ይወስዳሉ፡፡ ፋይል ለማየት ብሎ ኮምፒዩተሩን መክፈት ብቻውን የብዙ ፋይሎችን ሰዓት ይቀይራል፤ ጥንቃቄው ለዚህ ነው፡፡

ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን የሚያረጋግጡት «ሃሽ» በሚባል ስሌት ነው፡፡ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ሻ-256 ይባላል፡፡ ዲስኩ ምንም ያህል ግዙፍ ቢሆን ስሌቱ 64 ፊደልና ቁጥር ያወጣል፤ በውስጡ አንድ ነጥብ ብትቀየር ውጤቱ ሌላ ይሆናል፡፡ የመርማሪው ቅጂ ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ያው 64 ምልክት ከወጣ ማንም አልነካውም ማለት ነው፡፡ ከዚህ ጎን ዕቃው ከማን ወደ ማን፣ በስንት ሰዓት እንደተላለፈ የሚያሳይ የርክክብ መዝገብ አለ፡፡ የጎደለች አንዲት ፊርማ የተከሳሽ ጠበቃን ደስ የምታሰኝ ነገር ናት፡፡

የቡድኑ መሪ በዚህ ሁሉ መካከል ቁልፍ ሰሌዳ ላይ የሚውል ሰው አይምሰላችሁ፡፡ ከአንድ መካከለኛ ድርጅት በደርዘን የሚቆጠሩ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሊመጡ ይችላሉ፤ ሁሉን አንብቦ መጨረስ አይቻልም፡፡ የትኛው ይቅደም? የትኛው ጥያቄ ይመለስ? ከጠበቃ ጋር የተደረገ ምስጢራዊ ደብዳቤ ቢገኝ መርማሪው እንዳያነበው እንዴት ይነጠል? የአካል ጉዳተኛው የሕክምና ማስታወሻና ፎቶግራፍ ዲስኩ ላይ አብሮ ተገልብጧል፤ ማን ይየው፣ ማን አይየው? እነዚህን ቀድሞ ያልወሰነ መሪ በምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሞ ይወስናቸዋል፤ ያኔ ደግሞ ዋጋው ውድ ነው፡፡

የተጻፈው ምንድን ነው ወይስ መቼ ተጻፈ?

ነጋዴ ወዳጆቻችን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው፡፡ ኤጀንሲው ማስረጃ አምጣ ሲል ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ያመጣል፡፡ የሥራ ሰሌዳ አለ፣ የዕለት ማስታወሻ አለ፣ የተፈረመ ስምምነት አለ፡፡ ኦዲተር ወረቀቱን ከሂሳቡ ጋር ሲያስተያይ ይገጥማል፡፡ እንዲያውም አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይገጥማል፡፡ ፎረንሲክ መርማሪው ግን በይዘቱ ብዙም አይደነቅም፤ ወረቀቱ የተወለደበትን ሰዓት ይጠይቃል፡፡

እንበልና ለስድስት ወር የየዕለት የእንክብካቤ ማስታወሻ ቀረበ፡፡ 180 ማስታወሻ፣ እያንዳንዱ በየቀኑ ቀን ተጽፎበታል፡፡ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ሲታይ ግን ፋይሎቹ በሙሉ የተፈጠሩት የኤጀንሲው ደብዳቤ በደረሰ ማግሥት፣ ሌሊት በአምስት ሰዓት ውስጥ ነው፡፡ ጸሐፊው ብልህ ሆኖ የኮምፒዩተሩን ሰዓት ወደ ኋላ አዙሮ ሊሆን ይችላል፡፡ ችግሩ ኮምፒዩተር ሰዓት የሚጽፈው በአንድ ቦታ አለመሆኑ ነው፡፡ በፋይሉ ውስጥ አለ፣ በዲስኩ ማውጫ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አለ፣ ሰዓቱ ራሱ የተቀየረበት ሰዓት ተመዝግቧል፣ በኢሜይል የተላከ እንደሆነ ደግሞ የላኪውም የተቀባዩም አገልጋይ ኮምፒዩተር የየራሱን ጽፏል፡፡ አንዱን ያስተካከለ ሌላውን ይረሳል፡፡ ስልክ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ወሬኛ ነው፤ ደንበኛዬ ቤት ነበርኩ የተባለበት ሰዓት ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ ቦታውን ይዞ ሊገኝ ይችላል፡፡

ከዚህም የሚበልጠው ማስረጃ ሻጩ እጅ ውስጥ የሌለው ነው፡፡ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ የሚያሰማሩት በኢንተርኔት በሚከራዩት የሥራ ሰሌዳ ሶፍትዌር ነው፡፡ ሠራተኛዋ ስትገባና ስትወጣ ስልኳን ትነካለች፤ ኋላ የቢሮ ኃላፊው ቅዳሜን እሑድ ቢያደርገው ሶፍትዌሩ ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደቀየረ ሊይዝ ይችላል፡፡ ያ መዝገብ የሚገኘው ከሶፍትዌሩ ባለቤት ኩባንያ ነው፡፡ ሻጩ ሊደልዘው አይችልም፤ አለመኖሩን ሊመኝ ይችላል እንጂ፡፡

ይህ ሁሉ ለሐቀኛው ነጋዴም ይሠራል፡፡ ማስታወሻዋን በየዕለቱ፣ በተዝረከረከ ፊደልም ቢሆን የምትጽፍ ሠራተኛ ያላት ድርጅት፣ ሂሳቧ ላይ ስህተት ቢገኝ እንኳ ስህተት መሆኑ በሰዓቱ ማኅተም ይታያል፡፡ በፌዴራሉ የ1995 የወንጀል ሕግ በማታለል የገንዘብ ጥቅም ማግኘት እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፤ ሳያውቁ መሳሳት ግን ማታለል አይደለም፡፡ ሁለቱን የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ማስታወሻው ከጥያቄው በፊት መጻፉ ወይም በኋላ መጻፉ ነው፡፡

ሰዓት ሲባል የማን ሰዓት?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ፡፡ መርማሪው መሣሪያዎቹን ሲያነብ ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ተጽፎ ሊያገኘው ይችላል፡፡ ሜልበርን ከዚያ በ10 ሰዓት፣ በበጋ ደግሞ በ11 ሰዓት ትቀድማለች፡፡ ከኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ እስከ ኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቱ ይገፋል፡፡ በኤፕሪሉ ሌሊት አንዲት ሰዓት ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች፤ ስምንት ሰዓት ተብሎ የተመደበ የአዳር ሥራ በትክክል ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፡፡ ይህን ያላሰበ መርማሪ አንዲት ታታሪ ሴት በሌባ ስም ሊጽፋት ይችላል፡፡

ለእኛ ሰዎች ሌላ ወጥመድ አለ፡፡ ሠራተኛው ለአለቃው በአማርኛ «ጠዋት በሁለት ሰዓት ገባሁ» ብሎ ቢጽፍ እኛ የምናውቀው የፈረንጁ ስምንት ሰዓት ነው፡፡ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው እጅ ከገባ ግን ሌሊት ሁለት ሰዓት ይሆንና፣ ሂሳቡ ላይ ያለው የጠዋት ስምንት ሰዓት ሐሰት ይመስላል፡፡ ልምድ ያለው የቡድን መሪ እንዲህ ያለውን ሳያጣራ አያልፍም፤ የስልኩ መልእክት የተላከበትን ሰዓት ከጽሑፉ ጎን ያስቀምጣል፡፡ የሰው ንግግርና የመሣሪያው ሰዓት ሲለያዩ መሣሪያው ብቻውን ይፍረድ ማለት አይደለም፡፡

አውስትራሊያ ይህን በመራራ ዋጋ ተምራለች፡፡ ከ2015 ጀምሮ የማኅበራዊ ክፍያ መሥሪያ ቤቱ የዜጎችን ዓመታዊ ገቢ ከታክስ መዝገብ ወስዶ በየሁለት ሳምንቱ እኩል እያካፈለ፣ ድጎማ ስትቀበሉ ገቢያችሁን ደብቃችኋልና መልሱ የሚል ደብዳቤ በኮምፒዩተር ይልክ ነበር፡፡ ሕዝቡ «ሮቦዴት» አለው፤ የሮቦት ዕዳ እንደ ማለት ነው፡፡ ግማሽ ዓመት ሠርቶ ግማሽ ዓመት ሥራ የፈታ ሰው በስሌቱ ዓመቱን ሙሉ ሠራተኛ ይሆናል፡፡ ስሌቱ ሕጋዊ መሠረት አልነበረውም፡፡ ከ430 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ያለ አግባብ ተቆለለ፤ አሠራሩ በ2019 መጨረሻ ቆመ፡፡ በኮሚሽነር ካትሪን ሆምስ የተመራው የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን በጁላይ 2023 ባወጣው ሪፖርት አሠራሩ ጭካኔ የተሞላበትና ሕግን የተላለፈ መሆኑን አጋልጧል፡፡

እንግዲህ የፀረ ማጭበርበር ግብረ ኃይሉን ከሚመሩት ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንዱ የዚያው የክፍያ መሥሪያ ቤት ወራሽ ነው፡፡ ሁለት መዝገብ ማስተያየት ጥርጣሬን ብቻ እንደሚወልድ፣ ዕዳ ለመጠየቅ ግን የግለሰቡ ጉዳይ አንድ በአንድ መመርመር እንዳለበት ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል፡፡ የፎረንሲክ ሥራ አዝጋሚና ውድ ነው፡፡ ፈጣኑ መንገድ ምን ያህል እንዳስወጣ ግን ሂሳቡ ታይቷል፡፡

ነገ ጠዋት ማን ያነሳዋል?

ክፍያ ማቆም ቀላል ይመስላል፡፡ አንድ ድርጅት ተጠርጥሮ ሂሳቡ ሲታገድ ግን የሠራተኞቹ ደመወዝ ይቆማል፤ ደመወዝ ሲቆም ሠራተኛው ይቀራል፡፡ አልጋው ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ያለ ረዳት ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ መውጣት አይችልም፡፡ ስለዚህ የምርመራ መሪው ፍተሻው የሚካሄድበትን ቀን ሲወስን ደንበኞቹን የሚረከብ ሌላ ሻጭ መዘጋጀቱን አብሮ ማየት አለበት፡፡ ቀድሞ ቢያዘጋጅ ወሬው ይወጣና ስልኮቹ ይደመሰሳሉ፤ ሳያዘጋጅ ቢገባ ሰው ይጎዳል፡፡ የዚህ ሥራ ከባዱ ውሳኔ ይህ ይመስለናል፤ ባንክ የሚመረምር ሰው እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም፡፡

የተጠቃሚው የራሱ ስልክም አለ፡፡ አንዳንዱ ሻጭ ደንበኛውን በስጦታ ወይም በማስፈራራት አባብሎ የውሸት ፊርማ ያስፈርመዋል፡፡ የደንበኛው ስልክ ያንን ሊያስረዳ ይችላል፡፡ ግን ያ ስልክ መናገር ለማይችል ሰው አፉ ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ተይቦ ነው ውኃ የሚጠይቀው፡፡ ለሳምንት ወስዶ ቤተ ሙከራ ማስቀመጥ አይሆንም፤ እዚያው ቤቱ፣ በፈቃዱ፣ የሚያስፈልገው ብቻ መገልበጥ አለበት፡፡

ለገዢና ለደላላ

ገበያው እየጠበበ ነው፡፡ በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ የዋለው የማሻሻያ ሕግ በመድኑ ገንዘብ ምን መግዛት እንደሚቻልና እንደማይቻል በዝርዝር ለየ፤ የክፍያ ጥያቄም አገልግሎቱ ከተሰጠ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ወሰነ፡፡ በሴፕቴምበር 2024 በወቅቱ ሚኒስትር የነበሩት ቢል ሾርተን የመኖሪያ ድጋፍ የሚሰጡና በኢንተርኔት ሠራተኛ የሚያገናኙ ድርጅቶች የግድ እንዲመዘገቡ እንደሚደረግ አስታውቀዋል፡፡ ምዝገባ ሲጠብቅ የተመዘገበ ድርጅት ዋጋው ይወጣል፤ አሁንም «ምዝገባ ያለው ድርጅት ከነደንበኞቹ ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ በአውስትራሊያ የንግድ ሽያጭ ገበያ ላይ የሚታይ ነገር ነው፡፡

የድርጅቱን አክሲዮን የሚገዛ ሰው ታሪኩንም ይገዛል፡፡ ከሦስት ዓመት በፊት የተጠየቀ ሂሳብ ማስረጃ ሳይገኝለት ቢቀር መልስ የሚባለው ድርጅቱ ነው፤ ያኔ የነበረው ባለቤት ግን ገንዘቡን ይዞ ሄዷል፡፡ የዓመቱን ትርፍ፣ የደንበኛውን ብዛት፣ የምዝገባውን ዘመን ማየት የተለመደ ነው፡፡ ከዚህ ሌላ ለአንድ ወር የተጠየቀውን የእሑድና የበዓል ሂሳብ መርጦ፣ የሥራ ሰሌዳው ሶፍትዌር ከያዘው የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ጋር ማስተያየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፡፡ ማስታወሻዎቹ በየዕለቱ የተጻፉ ናቸው ወይስ በወሩ መጨረሻ በጅምላ? ሰሌዳው ላይ ከተደረጉት ለውጦች ስንቱ ዋጋውን ወደ ላይ ያወጣ፣ ስንቱ ወደ ታች ያወረደ ነው? ለውጡ ሁሉ ወደ ላይ ከሆነ ዋጋውን ወደ ታች መደራደር ይቻላል፤ ወይም መተው፡፡

ሶፍትዌሩ በኪራይ ከሆነ ደግሞ ውሉን ማንበብ ነው፡፡ ሻጩ ደንበኝነቱን ባቋረጠ ማግሥት የሰዓት መዝገቡ ከሚጠፋበት ውል ጋር የተሸጠ ድርጅት፣ ገዢው ወደፊት ለሚመጣበት ጥያቄ አንድም መልስ የለውም፤ ስለዚህ የመዝገቡ ሙሉ ቅጂ፣ ከነሃሹ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ለገዢው እንዲተላለፍ ውሉ ውስጥ መግባት አለበት፡፡